ሬዚኑ አፍንጫዋ ጋ አይደርስም

(ጎርጎራ፣ ጣና ዳር፣ ከሰዓት በኋላ። የፋይበርግላስ ጀልባ በሚሠራበት የቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣ የቤቱ ባለቤት ጋሽ ቢምረውና ወጣቷ መሐንዲስ ቤዛዊት፣ ደረቅ የፋይበር ጨርቅ ተነጥፎበት በፕላስቲክ በታሸገ የጀልባ ቅርጽ ግራና ቀኝ ቆመዋል። አጠገባቸው ጨርቁን የሚያጠነክረው ፈሳሽ ሙጫ፣ ሬዚኑ፣ በበርሜል ተቀምጧል፤ አየር መምጠጫ ፓምፕም በቱቦ ከቅርጹ ጋር ተያይዟል።)

ቢምረው፦ ፕላስቲኩን አልገልጥም አልኩሽ። ገልጠን አሸግን፣ ደግመን ገልጠን አሸግን። ከዚህ በኋላ ወገቤ አይታጠፍም።

ቤዛዊት፦ ጋሼ፣ ይስሙኝ እስቲ።

ቢምረው፦ ስሰማሽ ነው እዚህ የደረስኩት። ዕድሜዬን ሙሉ በብሩሽ እየቀባሁ ጀልባ ስሠራ አንድም ቀን ፓምፕ ለምኜ አላውቅም።

ቤዛዊት፦ በብሩሽ እየቀቡ ሳንባዎን ጨረሱት።

ቢምረው፦ እሱን ሐኪሙ ነግሮኛል። አሁን ዞር በይልኝ፣ ሬዚኑ ላይ ማጠንከሪያውን ልጨምርበት።

ቤዛዊት፦ አይጨምሩ። ከጨመሩ መመለሻ የለውም። የጀልባዋ አፍንጫ ጋ፣ ከፊት ጫፏ፣ ሳይደርስ ይደርቃል።

ቢምረው፦ በኮምፒዩተርሽ ያሳየሽኝስ? ሰማያዊው ቀለም ከኋላዋ ተነሥቶ እስከ አፍንጫዋ ሲሄድ፣ “አዩት ጋሼ፣ ይደርሳል” ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?

ቤዛዊት፦ እኔ ነኝ።

ቢምረው፦ ታዲያ ሬዚኑ ሐሳቡን ቀየረ?

ቤዛዊት፦ አየሩ ላይ ተሳስቻለሁ።

ቢምረው፦ የምን አየር? ፓምፑ አየሩን መጦ ጨርሶት የለም እንዴ?

ቤዛዊት፦ ከፕላስቲኩ ሥር ያለውን ነው የመጠጠው። ሬዚኑን የሚገፋው ግን ፓምፑ አይደለም፤ ውጭ ያለው አየር ነው። በርሜሉ ላይ ተጭኖ ወደ ባዶው ቦታ ይነዳዋል። ፓምፑ ቦታ ያስለቅቃል እንጂ አይገፋም።

ቢምረው፦ ይግፋዋ። ጎርጎራ ውስጥ አየር አልጠፋም።

ቤዛዊት፦ አልጠፋም፤ ግን ስስ ነው። ፕሮግራሙ ከራሱ ይዞት የሚመጣው የባሕር ጠረፍ አየር ነው፤ የጅቡቲ አየር ይበሉት። እኔም ሳልቀይረው አሰላሁ። እኛ ደግሞ ያለነው ከፍታ ላይ ነው።

ቢምረው፦ ሯጮቻችን በዚሁ አየር አይደል እንዴ ዓለምን የቀደሙት?

ቤዛዊት፦ እነሱ ለምደውት ነው። ሬዚን አይለምድም።

ቢምረው፦ ይሄን ደግሞ ማን ነገረሽ?

ቤዛዊት፦ የፓምፑ ጌጅ፣ የግፊት መለኪያው። መርፌው መመሪያው ላይ ያለው ቁጥር ጋ አልደርስ ሲል፣ ቀዳዳ አለ ብለን ገልጠን አሸግን። ሌላ ፓምፕ ተዋስን። አሁንም እዚያው ቆመ፤ ደግመን አሸግን። ዛሬ ጠዋት ቱቦውን ነቅዬ የፓምፑን አፍ በጎማ ደፈንኩት። ጀልባዋ የለችበትም፣ ፕላስቲኩ የለበትም፣ መርፌው ግን እዚያው ቆመ። ያለን አየር እስከዚያ ነው ጋሼ። ቀዳዳ አልነበረም።

ቢምረው፦ ላም ባልዋለበት ኩበት ስንለቅም ሰነበትን በይኛ።

ቤዛዊት፦ አዎ።

ቢምረው፦ እኔ ደግሞ ማሸጊያውን የሸጠልኝን ነጋዴ ዘር ማንዘሩን ሳላስቀር ሰደብኩት።

ቤዛዊት፦ ሰምቻለሁ። ሰፈሩም ሰምቷል።

ቢምረው፦ እና አሁን ኮምፒዩተርሽ ምን ይላል?

ቤዛዊት፦ በእኛ አየር ደግሜ አሰላሁት። አፍንጫዋ ጋ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ይጠነክራል። መሐሏ ላይ ሁለተኛ የሬዚን መግቢያ ብንጨምርላት ይደርሳል። ለዚያ ግን መገለጥ አለባት።

ቢምረው፦ ትንሽ ነው የሚቀረው አልሽ?

ቤዛዊት፦ ትንሽ ነው።

ቢምረው፦ ትንሹን በእጅ እንጨርሰዋለና።

ቤዛዊት፦ በምን?

ቢምረው፦ ብሩሽ የት ይሄዳል።

ቤዛዊት፦ ማን ነው የሚቀባው?

ቢምረው፦ እዚህ ቤት ብሩሽ የሚይዝ ከኔ ሌላ ማን አለ?

ቤዛዊት፦ ሐኪሙ ሽታው እንኳ እንዳይደርስብዎት አላለም?

ቢምረው፦ ሐኪሙ ጀልባ አይሠራም። ምጥ የያዛትን ሴት ከደሴቱ በታንኳ ሲያመጧት ማዕበል ሲያንገላታት አላየም፤ እኔ አይቻለሁ። ይህቺ ጀልባ የደሴቱ ሰዎች ናት። ስንት ጊዜ “ጠብቁኝ” እላለሁ? ደክሞኛል ልጄ። ከዚህ በኋላ ሌላ የምሠራም አይመስለኝ። ዛሬ ልገላገላት።

ቤዛዊት፦ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል።

ቢምረው፦ ተረቱን ለኔ ተይልኝ፤ አንቺ ሒሳቡን ያዢ።

ቤዛዊት፦ ሒሳቡን ነገርኩዎት።

ቢምረው፦ እኔም ሰማሁሽ።

ቤዛዊት፦ እሺ። ያፍስሱት።

ቢምረው፦ እሺ?

ቤዛዊት፦ ቤቱ የእርስዎ ነው፤ ልከለክልዎት አልችልም። ግን መንገድ ላይ ከቆመ የቀረውን የምቀባው እኔ ነኝ።

ቢምረው፦ አንቺ? ብሩሽ ይዘሽ ታውቂያለሽ?

ቤዛዊት፦ አላውቅም። እርስዎ በር ላይ ሆነው ያሳዩኛል።

ቢምረው፦ ደህና ጭምብል እንኳ የለንም እኮ።

ቤዛዊት፦ እርስዎስ በምን ጭምብል ኖሩ?

ቢምረው፦ እኔማ እንዴት እንደኖርኩ ታዪ የለም? ማታ ጋደም ስል ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠብኝ ነው የሚመስለኝ። ቁጭ ብዬ ነው የማነጋው። አንቺን ለዚህ አላስተማሩሽም።

ቤዛዊት፦ እርስዎንስ ለዚህ ነው የወለዱዎት?

ቢምረው፦ እኔ እንግዲህ የሆንኩትን ሆኛለሁ።

ቤዛዊት፦ ስሌቱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ ጋሼ። ስህተቱ የኔ፣ ሳንባው የእርስዎ አይሆንም። ማጠንከሪያውን ያቀብሉኝ፣ እኔው ልጨምረው።

ቢምረው፦ አላቀብልሽም።

ቤዛዊት፦ ይመሽብናል።

ቢምረው፦ ይምሽ። ነይ፣ በዚያ በኩል ያዢልኝ። ፕላስቲኩን ቀስ ብለሽ ላጪው፣ ከሥሩ ያለውን ጨርቅ እንዳትስቢው።