የአምበሉ ግራ እግር

(ማክሰኞ ጠዋት፣ ውድድሩ ከተጋመሰ በኋላ፤ በአንድ የእግር ኳስ ክለብ ልምምድ ሜዳ ዳር፣ የቡድኑ አምበልና ተከላካይ ይታገሱ ከአዲሷ የአካል ብቃት አሰልጣኝ ከትርሲት ጋር። ትርሲት እግር ላይ የሚጠለቅ የልምምድ ላስቲክ ይዛለች።)

ይታገሱ፦ አልታሰርም አልኩሽ እኮ! ተከላካይ ነኝ እንጂ የእርሻ በሬ አይደለሁም።

ትርሲት፦ በሬማ ቢሆን ይሄን ላስቲክ በጥሶት ይሄድ ነበር። የፈራኸው አንተ ነህ።

ይታገሱ፦ እኔ? ስሚ፣ ጉልበት የሚሠራው በክረምት ነው። አሁን ውድድር ላይ ነን። የሰርግ ለት በርበሬ ቀንጥሱ ማለት ይሄ ነው።

ትርሲት፦ ክረምት የበላኸው አጥግቦህ ከሆነ፣ ትናንት ምሳ ላይ ሁለቴ ያስጨመርከው ለምንድን ነው?

ይታገሱ፦ ምግብና ላስቲክ ምን አገናኛቸው?

ትርሲት፦ ጉልበትም ካልመገቡት ይከሳል። በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሃያ ደቂቃ ብቻ። ብረት አንሳ አላልኩህም፤ ለእሁድ ጨዋታ ድካም አይተውብህም። ቀስ በቀስ እንቁላል...

ይታገሱ፦ እንቁላሉ እግር እስኪያወጣ እኔ ጡረታ እወጣለሁ። ሠላሳ ሦስት ሞላኝ እኮ!

ትርሲት፦ እንወራረድ። ላስቲኩን ከጉልበትህ በላይ አጥልቀህ፣ ሸብረክ ብለህ ወደ ጎን አሥር እርምጃ ሂድ። ጉልበትህ ወደ ውስጥ ካልገባ፣ ውድድሩ እስኪያልቅ አልደርስብህም።

ይታገሱ፦ አሥር ብቻ? አምጪው! አንድ... ሁለት... የሕፃን ጨዋታ እኮ ነው... አራት... አምስት...

ትርሲት፦ ምነው ዝም አልክ? ስድስት በል እንጂ።

ይታገሱ፦ ላስቲኩ እየተንቀጠቀጠ ነው።

ትርሲት፦ ላስቲኩ የያዘው ሁለቱንም እግርህን ነው፤ የሚንቀጠቀጠው ግን ግራው ብቻ። ከመቼ ጀምሮ ነው?

ይታገሱ፦ ምኑ?

ትርሲት፦ ይታገሱ!

ይታገሱ፦ ኧረ ቀስ በይ! ሦስት ጨዋታ ሆነው። ከጭኔ ኋላ ጭምድድ ያደርገኛል። ያ ታምሩ ደግሞ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ከኳሱ ይልቅ የኔን እግር ነው የሚያየው።

ትርሲት፦ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

ይታገሱ፦ አንቺ ምን አለብሽ! አንዴ ከወጣሁ፣ በዚህ ዕድሜዬ ማን መልሶ ያስገባኛል?

ትርሲት፦ እጅ ኳስ ስጫወት ጉልበቴን ዓመት ሙሉ ደብቄያለሁ። በፋሻ ጠቅልዬ፣ እየሳቅኩ። ያቆምኩት በሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ዛሬ ደረጃ የምወርደው ግድግዳ ይዤ ነው።

ይታገሱ፦ ...ነግረሽኝ አታውቂም።

ትርሲት፦ መቼ ጠየቅከኝ? ስታሾፍብኝ ነው የከረምከው።

ይታገሱ፦ እሺ በቃ፣ ከዕቃ ቤቱ ጀርባ፣ ማንም ሳያየኝ እጎትታለሁ።

ትርሲት፦ መጀመሪያ ታርፋለህ። ላስቲክ እንዳትጎዳ ይረዳሃል እንጂ፣ የተጎዳ እግር ለእሁድ አያደርስም።

ይታገሱ፦ የእሁዱን ጨዋታ ልተው?

ትርሲት፦ አንድ እሁድ ይሻልሃል፣ ወይስ የቀሩህን እሁዶች በሙሉ?

ይታገሱ፦ አይ አንቺ! እሺ፣ ሄጄ ለዋናው አሰልጣኝ ራሴ ልንገረው። ታምሩ ይግባ።

ትርሲት፦ ያውቃል። ትናንት ስታነክስ አይቼ ነግሬዋለሁ።

ይታገሱ፦ ምን?! ታዲያ ይሄ ሁሉ ውርርድ ለምን አስፈለገ?

ትርሲት፦ «ራሱ መጥቶ ከነገረኝ፣ እስኪድን ቦታውም አምበልነቱም ይጠብቁታል» ስላለኝ ነዋ። ሂድ አሁን፤ አሰልጣኙ በቢሮው መስኮት እያየህ ስለሆነ፣ እንደ ልብህ አንክስ።