ከድልድዩ እስከ መብራት ማማው

ወይዘሮ ኔሪዳ ሆላም ከዳቦ ቤት ሲመለሱ ዝናቡ ከሸንኮራ መመዘኛው ጣቢያ አጠገብ ያዛቸው። የዳቦውን ከረጢት በሹራባቸው ሥር ሸጉጠው ወደ ጣቢያው የቆርቆሮ ጥላ ገቡ። ገና እፎይ ሳይሉ አንዲት ወጣት ዳሌዋን እያወዛወዘች፣ ክንዶቿን በደረቷ ልክ እያመላለሰች በወንዙ ዳር መንገድ ስትመጣ አዩ። ማን እንደ ሆነች ለማወቅ ፊቷን ማየት አላስፈለጋቸውም። አንዱ እግሯ ምንጊዜም መሬት ይነካል፤ የሚቀድመው እግር ደግሞ ጉልበቱ ቀጥ ብሎ ያርፋል፤ የእርምጃ ውድድር ሕግ ይህ ነው። የወይዘሮ ኔሪዳ ዓይን በገዛ ፈቃዱ ጥፋት ይፈልግ ጀመር። አላገኘም፤ አለማግኘቱም አበሳጫቸው።

ልጅቷ ሮዊና ፓስኮ ነበረች። ዩኒቨርሲቲ ገብታ የሰውን አካል አሠራር የተማረች፣ በማሊን ከተማ ትምህርት ቤት ስፖርት የምታስተምር፣ የአውስትራልያ የሴቶች የእርምጃ ሻምፒዮን ናት። ከእርሷ በፊት ያ ክብር የወይዘሮ ኔሪዳ ነበር። የሸንኮራ ቆራጭ ልጅ ነበሩ፤ በባቡር ሐዲዱ ዳር ወደ ትምህርት ቤት እየተመላለሱ እግራቸውን አበረቱ፤ ገና በወጣትነታቸው የአገሩን ሴቶች ሁሉ ቀደሙ። ክብረ ወሰናቸውን ለረጅም ዘመን የነካው አልነበረም። ባለፈው ዓመት ሮዊና ሰበረችው። የከተማው የእርምጃ ክለብም የእርሷን ፎቶግራፍ በዋናው ግድግዳ ላይ ሲሰቅል የወይዘሮ ኔሪዳን አውርዶ ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ፣ ከፎጣ መስቀያው በላይ አዛወረው። ስለዚህ ነገር አንድም ቀን ተናግረው አያውቁም። እጃቸውን ባደረቁ ቁጥር ግን ያዩታል።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የክለቡ ኮሚቴ የሚሰበሰብበት ጉዳይም ሮዊናን የሚመለከት ነበር። ታላቁ ዓመታዊ ጉዞ በነሐሴ ከወንዙ ድልድይ ተነሥቶ ባሕሩ ዳር እስከ ቆመው የመብራት ማማ ይዘልቃል፤ የሚሄዱትም ወንዶች ብቻ ናቸው። ሴቶቹ ቀደም ብለው ተነሥተው በመንገዱ ላይ እስካለው ቤተ ክርስቲያን ብቻ ይራመዳሉ። ከዚያም ላባቸው ሳይደርቅ በመኪና ወደ ማማው ተወስደው፣ ወንዶቹ ሲደርሱ የሚበሉትን ሳንድዊች ያዘጋጃሉ። ሮዊና ይህ ልማድ እንዲሻር አመልክታለች። የኮሚቴው አሳብ እኩል ለእኩል ተከፍሎ የወይዘሮ ኔሪዳ ድምፅ ብቻ ቀርቷል። እርሳቸውም እንቢ ሊሉ ቆርጠዋል።

«ደህና አደሩ እትዬ ኔሪዳ! ዳቦው ረጠበ እንዴ?»

«ዳቦው ደህና ነው። እንደ ውሻ የረጠብሽው አንቺ ነሽ።»

«እኔ እደርቃለሁ፤ ዳቦ ከረጠበ ግን አለቀለት» አለች ሮዊና ፀጉሯን እየጨመቀች። ቀጥላም በትሕትና፣ «ዛሬ እንቢ ሊሉ እንደሆነ ሰምቻለሁ። አልቀየምም። ምክንያቱን ግን ከራስዎ አፍ ብሰማው እወዳለሁ» አለች።

«ማነው የነገረሽ?»

«ጋሽ ክላይቭ ናቸው።»

ክላይቭ የወይዘሮ ኔሪዳ ባልና የክለቡ ሊቀ መንበር ናቸው። «ያ ሰውዬ!» አሉ ወይዘሮዋ። «አፉ ዳቦ ካልጎረሰ ምሥጢር አይዝም። እንግዲህ ስሚ። የሴት አካል ለዚያ ያህል መንገድ አልተፈጠረም። ማሕፀን ይጎዳል ብሎ ሐኪሙ ለእኛ በግልጽ ነግሮናል።»

«ሐኪሙ ይህን ሲናገር እናትዎ የት ነበሩ?»

«የት ትሆናለች? ሸንኮራ ማሳ ውስጥ ነዋ፤ እየተሸከመች።»

«ቀኑን ሙሉ?»

«ጀርባዋ እስኪሰበር።»

«ስንት ልጅ ወለዱ?»

ወይዘሮ ኔሪዳ ወጥመዱ ታያቸው። «ስምንት ነን» አሉ ፊታቸውን ወደ ዝናቡ መልሰው። «አንቺ ልጅ ትምህርትሽን በእኔ ላይ አትለማመጂብኝ!»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። ሰውነታችን ደካማ የሚባለው ክብር የሚያስገኝ ሥራ ሲሆን ብቻ መሆኑ ስለሚገርመኝ ነው። ሸክም ሲሆን ሐኪም አይጠራም።»

ልማድ ከሽማግሌዎች አፍ ሲነገር የእውነት ልብስ ይለብሳል፤ ሲመረመር ግን ብዙ ጊዜ ከልብሱ በታች አካል አይገኝም። ወይዘሮ ኔሪዳም ይህን ምክንያት ለራሳቸው እንኳ አምነውበት አያውቁም ነበር። ስለዚህ ወደ ሌላው አለፉ።

«እሺ፣ ዳቦውን ማን ይቀባል? ሴቶቹ ሁሉ መንገድ ላይ ከሆኑ?»

«ወንዶቹ እጅ የላቸውም?»

«ክላይቭ ቅቤ ሲቀባ አይተሽ አታውቂም። ግድግዳ የሚለስን ነው የሚመስለው።»

ሮዊና ከት ብላ ሳቀች። በዚህ መካከል አንድ ፒክ አፕ መኪና ውኃ እየረጨ በፊታቸው አለፈ፤ ከመስኮቱም አንድ ጎረምሳ አንገቱን አውጥቶ፣ «ዳክዬ! ነይ ወንዙ እዚህ ነው!» ብሎ ጮኸ። ስድቡ ለማን እንደ ሆነ ግልጽ ነበር፤ የመራመጃ ቁምጣ የለበሰችው አንዷ ብቻ ናት። ነገር ግን ሁለቱም በአንድ ጊዜ ቀና አሉ። ወይዘሮ ኔሪዳ እንዲያውም ቀደሙ።

«የዚህ አባትም ዳክዬ ይለኝ ነበር» አሉ ሳያስቡት። «ሌላ ስድብ እንኳ አልተማሩም።»

«እርስዎ ምን ይሉት ነበር?»

«ዳክዬዋ ካንተ ቀድማ ትደርሳለች እለው ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ጋ።»

ሮዊና ዝግ ብላ ጠየቀች። «ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ሲደርሱ ደክሞዎት ያውቃል?»

ወይዘሮ ኔሪዳ ለመዋሸት አፋቸውን ከፈቱ፤ አልሆነላቸውም። እግራቸው ገና ሲሟሟቅ የቤተ ክርስቲያኑ አጥር እንደሚደርስ፣ ከአጥሩ ወዲያ ያለው መንገድ በሸንኮራው መካከል ቁልቁል ወደ ባሕሩ ሲወርድ ቆመው ያዩት እንደነበር፣ ያን ጊዜም አንዱ ከኋላ፣ «ኔሪዳ፣ ነይ መኪናው ሊሄድ ነው፣ እንቁላሉ አልተላጠም!» ይላቸው እንደነበር ትዝ አላቸው። ሜዳሊያቸው በአንገታቸው ላይ ተንጠልጥሎ እንቁላል ልጠዋል። ሜዳሊያው ጨው ውስጥ እንዳይገባ ወደ ጀርባቸው ያዞሩት ነበር።

«ለእኔ ያልተፈቀደው ለምን ለአንቺ ይፈቀዳል?» አሉ ድንገት። «እኔ ካንቺ ምን አንሼ ነው? ክብረ ወሰኔን ወሰድሽ፣ ግድግዳዬን ወሰድሽ፤ አሁን ደግሞ እኔ በዓይኔ ብቻ ያየሁትን መንገድ ልትወስጂ? አልሰጥሽም!»

ቅናት ከሌሎች የልብ ሕመሞች ሁሉ ይልቅ ስሙን ይደብቃል፤ አንድ ጊዜ ፍትሕ፣ አንድ ጊዜ ልማድ፣ አንድ ጊዜ ለወጣቶች ማሰብ እየተባለ ይኖራል። በስሙ ከተጠራ ግን እኩሌታው ኃይሉ ያልቃል።

«እውነትዎን ነው» አለች ሮዊና። «እኔም በእርስዎ ቦታ ብሆን እቀና ነበር። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ወንዶቹ ስለ እርስዎ ዘመን ሲያወሩ ምን ይላሉ?»

«ሴቶቹ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ብቻ ይችሉ ነበር ይላሉ።»

«ይችሉ ነበር! ተከለከሉ አይሉም። እኔም ዛሬ ብከለከል ያው ነው የሚባለው፤ የእርስዎም ስም ካልቻሉት ጋር ተጽፎ ይቀራል። አንዲት ሴት ማማው ጋ ከደረሰች ግን እያንዳንዱ ሰው ወደ ኋላ ተመልሶ፣ ‹ለካ ኔሪዳም ትችል ነበር፤ እኛ ነን የከለከልናት› ይላል። ለእርስዎ የቀረዎት ምስክር የእኔ እግር ነው።»

ነገሩ ገባቸው፤ ቢሆንም ልባቸው ገና አልተፈታም። «መስክሪልኛ! አንቺ ስትመሰክሪ እኔ ዳቦ እቆርጣለሁ።»

«ማነው ቁረጪ ያለዎት? ማመልከቻዬ ‹ማንኛዋም ሴት› ነው የሚለው። በክለቡ ደንብ ደግሞ ቀርፋፋው አስቀድሞ፣ ፈጣኑ መጨረሻ ነው የሚነሣው። እርስዎ ገና በማለዳ ይነሣሉ። እኔ ሌላው ሁሉ ሄዶ እስኪያልቅ ብቻዬን እቆማለሁ።»

ወይዘሮ ኔሪዳ ያንን መቆም ያውቁታል። የሁሉን ጀርባ እያዩ፣ ብቻቸውን በነጩ የመነሻ መስመር ላይ የመጠበቁን ክብርና ጭንቀት ከእርሳቸው በላይ የሚያውቀው የለም።

«የእኔን ጀርባ ልታዪ ነው» አሉ ቀስ ብለው።

«እስክደርስብዎት።»

«እስክትደርሺብኝ?» ወይዘሮዋ ከረጢታቸውን አነሡ። ዝናቡ ገና አላባራም ነበር። «አንቺ ልጅ፣ እኔ እኮ ብዙ ሰው ስደርስበት የኖርሁ ሴት ነኝ። እንዴት እንደሚመለጥ የማላውቅ መሰለሽ?»

ከሰዓት በኋላ ኮሚቴው ሲሰበሰብ ክላይቭ ጉሮሮአቸውን ጠርገው፣ «እንግዲህ ሻዩን ማን እንደሚያፈላ አስቀድመን ብንወስን…» ብለው ጀመሩ። የባለቤታቸው እጅ ግን ቀድሞ ተነሥቶ ነበር። «ይፈቀድ» አሉ ወይዘሮ ኔሪዳ። «አንተም ክላይቭ፣ እንቁላል መላጥ እስከ ነሐሴ ትማራለህ።»

ነሐሴ ደረሰ። ወይዘሮ ኔሪዳ ገና በማለዳ ከድልድዩ ተነሥተው ቤተ ክርስቲያኑን ሲያልፉ አጥሩን አልተመለከቱም፤ እግራቸው ግን አንድ አፍታ ሊዘገይ ቃጣው። ከዚያ ወዲያ ሸንኮራው በግራና በቀኝ ቆሞ፣ የባሕሩ ነፋስ ፊታቸውን እየመታው ወረዱ። ማማው በታየበት የመጨረሻ አቀበት ላይ ከኋላቸው የሚያውቁትን አረማመድ ሰሙ። ዞር ሳይሉ፣ «ጉልበትሽ ታጥፏል!» ብለው ጮኹ።

«ሳያዩ?» አለች ሮዊና እያለከለከች።

«መታጠፉን አላውቅም፤ ቢታጠፍልኝ ግን ደስ ይለኛል!»

ሮዊና እየሳቀች አለፈቻቸው። እርሳቸውም ቀኑ፤ ነገር ግን ይህኛው ቅናት እግራቸውን አላሰረውም፤ አፈጠነው እንጂ።

ከዚያ ዓመት ወዲህ በማሊን ብዙ ነገር ተሻሻለ። እናቶች ከሴት ልጆቻቸው ጋር ማለዳ ማለዳ በወንዙ ዳር መራመድ ለመዱ፤ ወገባቸውን ያማቸው የነበሩ ባልቴቶች ዱላቸውን ጣሉ፤ ወንዶቹም ለራሳቸው ምሳ መሥራት አዋረደን ማለትን ተዉ። መንገዱ ለሴቶች በመከፈቱ ለወንዶች አልጠበበም፤ እንዲያውም የሚራመደው ሕዝብ በዛ።

ያን ቀን ግን ወይዘሮ ኔሪዳ ስለ ጥቅሙ አላሰቡም። ማማው ሥር በሣሩ ላይ ተቀመጡና እግራቸውን ዘረጉ። ክላይቭ ሽርጥ ታጥቀው፣ ሳንድዊች በሳሕን ይዘው መጡ። ቅቤው እንደ ግድግዳ ልስን ወፍራም ነበር፤ በእንቁላሉም ውስጥ ቅርፊት ቀርቷል። ወይዘሮ ኔሪዳ ቅርፊቱን ከጥርሳቸው መካከል አውጥተው አዩት፤ ሜዳሊያ የሚያክል ቁራሽ ጎርሰውም አንዲት የትችት ቃል ሳይናገሩ ሳንድዊቹን እስከ መጨረሻው በሉት።