አብሾ ለጠሃ

በ፲፱፻፸፰ ዓ.ም.፣ የማትሪክ ፈተና ሊሰጥ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ አዲስ አበባ መድኃኒት ቅመማ ከሚማረው ወዳጄ ሙዘይን ጋር ከከተማችን አጠገብ ካለው ሐይቅ ዳር ስንመለስ ሼህ ኑርዬን መንገድ ላይ አገኘናቸው። ልጃቸው ጠሃ የእኔ ተማሪ ነው። በጨርቅ የተጠቀለለች ብልቃጥ ይዘዋል። መምህር አይደለሁ፣ መጠየቅ አይለቀኝምና ምን እንደሆነች ጠየቅኋቸው።

«አብሾ ናት፤» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ለጠሃ ነው። ከጠጣት ያነበበው ሁሉ ከራሱ አይወጣም ብለውኛል። ከወደቀ ለውትድርና ይወስዱብኛል። ታላቁን ወስደው ይኸው ወሬውም የለ።»

ፍርሃታቸው ለእኔም ተረፈ። ያን ጊዜ ወንድ ልጅ ያለው ሁሉ በር ሲንኳኳ ይደነግጥ ነበር።

ሙዘይን በትሕትና «ሼህ ኑርዬ፣ ይህ ነገር ስንቱን እንዳሳበደ አልሰሙም?» አላቸው።

«ያበዱትማ መጠጥ የጠጡት ናቸው! አብሾ የሚጣላው ከጠላና ከአረቄ ነው። እኛ አልሐምዱሊላህ አንቀምስም። ለእስላም ልጅ ምን ይሆናል?»



«ያበደ ሁሉ ጠጥቶ ነው ከተባለ፣» አለ ሙዘይን፣ «መድኃኒቱ መቼ ይጠየቃል? እኛ በምንማርበት ቅጠሉን በአይጥ ሞክረነዋል። እህል ያለበትን መንገድ የለመዱ አይጦች ጭማቂውን ሲጠጡ መንገዱ ጠፋቸው። ውኃ የጠጡት ግን አልሳቱም።»

«ልጄን ከአይጥ ታስተያየዋለህ?» ከንፈራቸውን ላሱ። «ውኃ የላችሁም? አፌ ደረቀ።»

አልያዝንም። ጥቂት እንደሄድን «ምን ነበር ያልከኝ? ስለ አይጥ?» ብለው ደግመው ጠየቁ። ሙዘይን ቆሞ ዓይናቸውን አየ። ብሌናቸው ከልክ በላይ ሰፍቷል።

«ቀምሰዋል እንዴ?»

«ወላሂ፣ ሳልቀምስ ለልጄ ላጠጣ ኖሯል? እዚያው ከቀማሚው ቤት ጎንጨት አድርጌ ነው የመጣሁ።»

ከዚያ የሆነውን ሳስበው ዛሬም ይዘገንነኛል። እኒያ ጨዋ ሰው ማንም በሌለበት ሜዳ ከዘራቸውን አንሥተው «አትውሰዱት! ልጄን አትውሰዱት!» እያሉ ይጮኹ ጀመር። ድንገት ወደ እኔ ዞሩ።

«ያ ጌታዬ! የልጄ ስም ማን ነበር?»

«ጠሃ፤» አልኳቸው። ወዲያው ጠፋቸውና እንደገና ጠየቁኝ። እንባዬ መጣ።

ደግፈን ጤና ጣቢያ አደረስናቸው። በማግሥቱ ልባቸው ሲመለስ ጠሃ አጠገባቸው ተቀምጦ «አብሽሩ አባባ» እያለ ያጽናናቸዋል። እሳቸው ሙዘይንን አስጠሩት።

«አፉ በለኝ ልጄ። እኔን የልጄን ስም ያስረሳኝ ነገር፣ እሱን ትምህርቱን ያስታውሰዋል ብዬ ነበር። ብልቃጧን ውሰዳትና መርምራት።»

እኔ የአገራችንን ቅጠል አልንቅም። በውስጡ መድኃኒት አለ፣ መርዝም አለ። ተመርምሮ መጠኑ ሲታወቅ የሚያድነው ከሚገድለው ይለያል፤ አባትም ልጁን በገዛ እጁ አያሳብድም። ሼህ ኑርዬ ጠሃን ከእርሻ አሳርፈው፣ በደንብ አብልተው፣ በቂ እንቅልፍ እንዲተኛ አደረጉት። ቀማሚው ያልነገራቸው መድኃኒት ይኸው ነበር። ልጁም አለፈ።

እኔ የማልረሳው ግን የፈተናውን ጠዋት ነው። እስከ ትምህርት ቤቱ በር ሸኝተውት፣ ሊገባ ሲል «ጠሃ!» ብለው ጠሩት። ልጁ ዞረ።

«ምንም አይደል፤» አሉ። «ግባ።»