ዝምተኛው ሞተር

ረፋዱ ላይ፣ ባሕር ዳር አጠገብ፣ ጣና ላይ፤ የጀልባዋ ባለቤት አንሙትና ሃያ ሰባት ዓመት የቀዘፈለት እንየው የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ለሙከራ ያዋሳቸውን በባትሪ የሚሄድ ሞተር ከጀልባዋ ኋላ አስረው ይሄዳሉ፤ አንሙት በአንድ እጁ የሞተሩን እጀታ ይዟል፣ ጉልበቱ ላይ የማኅበሩን መጠይቅ ዘርግቷል።

እንየው፦ ጻፍ እንጂ! «አይረባም» ብለህ ጻፍ። አጭር ነው፣ ቀለምም አይፈጅብህም።

አንሙት፦ ከወደቡ ከተነሣን ገና ሩብ ሰዓት አልሞላንም። ከምኑ አይቼ ነው አይረባም የምለው?

እንየው፦ ከመልኩ።

አንሙት፦ መልኩን የጠየቀ የለም። አንደኛ፦ «የሞተሩ ድምፅ እንዴት ነው?»

እንየው፦ የለውም።

አንሙት፦ ይኸው! «ድምፅ የለውም።» ምስጋና ነው እኮ ይሄ። ዓሣው አይሸሽም ማለት ነው።

እንየው፦ ድምፁን አጥፍቶ የሚሄድ ሌባ ነው፣ አያ አንሙት። እኔ እንኳ ስቀዝፍ አቃስታለሁ፤ ሰው ያለበት ጀልባ መሆኑ ይታወቃል።

አንሙት፦ ማቃሰትህንስ ከኔ በላይ የሚያውቀው የለም። ሁለተኛ፦ «ባትሪው ምን ያህል ይቆያል?» አምስት ሰዓት ብለውኛል።

እንየው፦ አምስት ሰዓት! እኔ በአንድ ጭብጦ ደቅ ደሴት ደርሼ እመለሳለሁ።

አንሙት፦ ደቅ ቀዝፈህ ሄደህ አታውቅም።

እንየው፦ ጭብጦውን የሰጠኝ ስለሌለ ነው። ደግሞ እንቦጩ ውስጥ ሲገባ ምን ሊሆን ነው? ያ አረም እሱን ባገኘ!

አንሙት፦ እንቦጭ ያለበት አንሄድማ። ሦስተኛ፦ «አያያዙ ቀላል ነው?» አንድ ጣት ይበቃዋል። ና እስኪ፣ አንተም ሞክረው።

እንየው፦ እኔ? መቃብሬን ለሚቆፍር ሰው ዶማ ላቀብል? አብሬው መዋሌ ይበቃኛል። በሬ ካራጁ ይውላል አሉ።

አንሙት፦ ማን አረደህ ደግሞ?

እንየው፦ ወረቀትህ ላይ ስለሌለ እኔ ልጠይቅህ። ይሄ ሞተር ከገባ እኔ የት እገባለሁ? ሃያ ሰባት ዓመት እኔ ቀዘፍኩ፣ አንተ መረብ ጣልክ። አሁን እህል የማይበላ፣ የማያኮርፍ፣ ክርስትና የማይጠራህ ቀዛፊ አገኘህ። ከነገ ጀምሮ ወደቡ ላይ ቆሜ እጄን ላወዛውዝልህ?

አንሙት፦ ማን ውረድ አለህ?

እንየው፦ ማንም። ሞተር ሊመጣ ነው ያለኝም የለም። የሰማሁት ከማኅበሩ ዘበኛ ነው። ከዘበኛ!

አንሙት፦ ደርሰናል፣ ደርሰናል። አሁን ዝም በል፣ መረቡን ልጣል።

እንየው፦ ዝም ብያለሁ።

አንሙት፦ እንደ ወትሮው በኋላ በኩል… ቀስ… ቀስ… እይ፣ በአንድ እጄ እየነዳሁ በአንድ እጄ እጥላለሁ! እንዲህ ያለ ነገር አይተህ ታውቃለህ?

እንየው፦ ኧረ አላውቅም።

አንሙት፦ ምነው ቆመ?

እንየው፦ እንጃ።

አንሙት፦ ቆመ እኮ! እስኪ ላንሣው… ኧረ እግዚኦ! መረቡን ሥር ያለው የሚሽከረከር ክንፉ ላይ ጠቅልሎታል!

እንየው፦ ሃያ ሰባት ዓመት መረብ በኋላ ይጣላል፤ ዛሬ ኋላ ላይ ሆዳም አሰርክበት። በላ።

አንሙት፦ አይተኸው ነበር?

እንየው፦ የመጀመሪያዋ ቋጠሮ ስትገባ ጀምሮ።

አንሙት፦ እና አፍህን ዘጋህ?

እንየው፦ ዝም በል ብለኸኛላ። ደግሞስ ሥራዬ መቅዘፍ ነበር፣ እሱም ተወሰደ። ዛሬ ተሳፋሪ ነኝ። ተሳፋሪ ሹፌር አይመክርም።

አንሙት፦ ሁለት ወር ዓይኔ እስኪጠፋ የቋጠርኩት መረብ! አንተ ምቀኛ!

እንየው፦ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። የበላው እሱ፣ የምሰደበው እኔ። በል ጻፍ፦ «ሆዳም ነው።»

አንሙት፦ አልጽፍም። ጥፋቱ የኔ ነው እንጂ የሞተሩ አይደለም። ከፊት በኩል መታሰር ነበረበት፤ የምጽፈው ይሄንኑ ነው። ቢላዋውን አቀብለኝ።

እንየው፦ አያ አንሙት።

አንሙት፦ ቢላዋውን አልኩህ!

እንየው፦ ነፋሱ ወዴት እየወሰደን ነው?

አንሙት፦ ወደ ዳሩ ቄጠማ፣ ወደ ደንገሉ። ምነው?

እንየው፦ ዛሬ ማን ተጣራ?

አንሙት፦ ማንን ነው የምንጣራው?

እንየው፦ በደንገሉ ባለፍን ቁጥር የጀልባዋን ጎን በመቅዘፊያ እየደበደብኩ «ጌታው፣ እኛ ነን!» የምለው ደስ ብሎኝ መስሎሃል? ጉማሬው ሰምቶ ዞር እንዲልልን ነው! ዛሬ ሞተሩ ዝም፣ እኔም አኩርፌ ዝም። እዚያ ደንገሉ ሥር ያለው፣ ድንጋይ የመሰለህ ነገር ጆሮ አለው።

አንሙት፦ የጊዮርጊስ ያለህ! ሞተሩን ላስነሣ!

እንየው፦ በመረብ ተተብትቦ? ተወው! ጌታው! እኛ ነን! እንየው ነኝ! ይሄኛው አንሙት ነው፣ ሳያውቅ ነው፣ ይቅር በለው! አንተ ምን ታየኛለህ፣ ያኛውን መቅዘፊያ ያዝ!

አንሙት፦ በየት በኩል ነው የሚያዘው?

እንየው፦ በቀጭኑ! በቀጭኑ በኩል! ሃያ ሰባት ዓመት ምን ስታይ ነበር?

አንሙት፦ መረቤን! እንየው… ክንድህ!

እንየው፦ ክንዴን ተወውና ቅዘፍ!

አንሙት፦ አልነሣ ብሎሃል እኮ!

እንየው፦ ቅዘፍ አልኩህ! አንድ ጊዜ… ሌላ… ሌላ… በቃ። በቃ፣ ዞረ። ደንገሉ ውስጥ ገባ። ተመስገን።

አንሙት፦ ሂድ! ጥፋ ከዚህ! ወፍራም!

እንየው፦ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ቀስ በል፣ ይሰማሃል።

አንሙት፦ ና፣ ትከሻህን አሳየኝ።

እንየው፦ ደኅና ነው።

አንሙት፦ ምኑ ነው ደኅና? ሚስትህ ነግራኛለች። ከፋሲካ ወዲህ ጋቢህን እንኳ የምታለብስህ እሷ ናት። ማኅበሩ ደጅ የጠናሁት ለማን ይመስልሃል? ለራሴ? የኔ እጅ ምን ሆነ?

እንየው፦ ለኔ ነው?

አንሙት፦ ስድስት ጀልባ ተራ ይጠብቃል። ሊቀመንበሩ እኔን ሲያይ በጓሮ መውጣት ጀምሯል።

እንየው፦ ታዲያ ምናለ ብትነግረኝ?

አንሙት፦ «ትከሻህ ደክሟል» ብልህ መቅዘፊያውን አናቴ ላይ ትሰብረው ነበር።

እንየው፦ እሱስ እሰብረው ነበር። እኔ ግን ልትጥለኝ ነው ብዬ ይኸው ሦስት ቀን እህል አልወርድ ብሎኛል። ፈርቼ ነበር፣ አያ አንሙት። መቅዘፍ ብቻ ነው የማውቀው።

አንሙት፦ እኔ ደግሞ አሁን ነው የፈራሁት። ጉማሬው የት እንደሚተኛ አላውቅ፣ ድንጋዩ የት እንዳለ አላውቅ፣ መቅዘፊያ በየት በኩል እንደሚያዝ አላውቅ። ለካ እኔም ሃያ ሰባት ዓመት ተሳፋሪ ነበርኩ።

እንየው፦ ነገሩ አመሻሽቶም ቢሆን ገብቶሃል። እንካ ቢላዋውን። ቀስ ብለህ ቁረጥ፣ ክንፉን እንዳትጎዳው።

አንሙት፦ ለክንፉ ማዘን ጀመርክ?

እንየው፦ የሰው ዕቃ ነው ብዬ ነው። በቃ፣ መረቡ ተላቀቀ። ወረቀቱስ አለቀ?

አንሙት፦ አንድ ጥያቄ ቀርቷል። «ሞተሩ ያለ አደጋ እንዲሠራ ተጨማሪ ምን ዕቃ ያስፈልገዋል?»

እንየው፦ እህ፣ ምን ልትል ነው?

አንሙት፦ ጻፍኩት። «እንየው።»

እንየው፦ ዕቃ አደረግኸኝ? ደግ! የሞተር ዕቃ ከሞተሩ አይለይም፤ በል ተነሥ፣ እጀታውን ልቀቅልኝ።