ጉርሻ የከለከለችው ሴትዮ

አጎቴን ጋሽ ሰይድን ስትሮክ መታቸውና ቀኝ እጃቸው ሰነፈ። በግራ መብላት ነውር ነውና እኛ ዘመዶቻቸው ኮምቦልቻ ቤታቸው ድረስ እየሄድን በተራ እናጎርሳቸው ጀመር። ፍቅራችን የሚያስቀና ነበር። እጃቸው ጭናቸው ላይ እንደተኛ ቀረ፤ ጉንጫቸው ግን ሞላ። ይህን የመሰለ ፍቅር አንዲት ሴትዮ ከደሴ መጥታ በተነችው። ኦኩፔሽናል ቴራፒስት ናት አሉ፤ ሕፃኑንም አዋቂውንም ማንኪያ መያዝ፣ ቁልፍ መቆለፍ ስታለማምድ ፀጉሯ የሸበተ። ለዚህ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። መድኃኒት አላዘዘች፣ መርፌ አልወጋች፤ ትሪውን ወደ አጎቴ ገፋ አድርጋ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ማንም እንዳያጎርሳቸው» አለች።

«እህቴ» አልኳት በትልቅ ትዕግሥት፣ «እኛ እያለን እሳቸው ምን በወጣቸው ይደክማሉ?»

«እናንተ ካጎረሳችኋቸው ይህ እጅ እንደዚሁ ይቀራል።»

ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ድፍረት አይቼ አላውቅም። ስለ ዘመድ ክብር፣ ስለ ወሎ ደግነት በሰፊው አስረዳኋት። እሷ የምታየው አጎቴን ነው። «አይዞዎት ጋሽ ሰይድ፣ ይሞክሩ» ትላለች። እሳቸው ይቆርሳሉ፣ ይወድቅባቸዋል፣ ደግመው ያነሳሉ፤ እኔም ንግግሬን አላቋረጥኩም። በመጨረሻ ያ በቃው ያልነው እጅ እየተንቀጠቀጠ ጉርሻ ጠቀለለ፤ ሽሮው በክንዳቸው እየወረደ እጁ ቀና አለና ጉርሻው በቀጥታ እኔ አፍ ውስጥ ገባ።

«በል ዋጥና ዝም በል» አሉኝ፤ «እኔም ምሳዬን ልብላበት።»