አቶ ጋረደው ታከለና ሦስተኛው የድምፅ መስመር

ዛሬ ልንሸኛቸው የተሰበሰብንላቸው አቶ ጋረደው ታከለ ከአባታቸው ከአቶ ታከለ ዳምጤና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማሬ ገብረ ሥላሴ በ1938 ዓ.ም. በመተማ ቆላ ተወለዱ። ለትምህርት ጎንደር ተልከው እስከ ስምንተኛ ክፍል ከዘለቁ በኋላ፣ የተበላሸ ሬዲዮ ሲያዩ እጃቸው አላርፍ ቢላቸው ከአንድ ጠጋኝ ዘንድ ተቀጥረው ሙያውን ቀሰሙ።

በ1970 ዓ.ም. ጦርነት ገፍቷቸው ሱዳን፣ ገዳሪፍ ሲገቡ፣ ለሠርግ ድምፅ ማጉያ የሚያከራዩት ሱዳናዊው አቶ አደም ተቀብለው፣ ከካርቱም ጭፈራ ቤት የገዙትን አሮጌ የድምፅ መቀላቀያ፣ ሚክሰር፣ አስረከቧቸው። ጎንና ጎኑ እንጨት፣ ክብደቱ ሙሉ የሰሊጥ ጆንያ የሚያህለው ይህ ዕቃ አሥራ ሁለት መስመሮች፣ ለየመስመሩ ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ የሚለዩ ቁልፎች፣ ድምፅ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ማንሸራተቻ፣ ከላይም ባለመርፌ መለኪያዎች ነበሩት፤ አቶ ጋረደውም የዘፋኝ ጉሮሮ መድከሙን ከመርፌው ያነብቡ ነበር። በ1973 ዓ.ም. ወይዘሮ ፋናዬ አባይን አግብተው ሦስት ልጆች ወለዱ።

በ1977 ዓ.ም. ረሀቡ ሕዝቡን ነቅሎ ገዳሪፍ አጠገብ ባለው የስደተኞች መጠለያ ሲያፈሰው፣ ሚክሰሩን ከነድምፅ ማጉያውና ከነባትሪው በአህያ ጋሪ ጭነው የጠፋ ዘመድ ይጠሩበት ጀመር። አንድ ረፋድ ነፍሰ ጡሯ ወይዘሮ በለጡ ቀርበው፣ «አያ ጋረደው፣ ባሌን ከነአባቱ፣ ከነአገሩ ጥራልኝ» አሏቸው። እንደ አገራችን ልማድ ሰው እንዲያ ነውና የሚጠራው፣ የሦስተኛውን መስመር ማንሸራተቻ እስከ ጫፍ ገፍተው የባላቸውን የውባየሁን ስም ከነአባቱ፣ ከነቀዬው አስተጋቡት። ውባየሁ እየሮጠ መጣ። ሲያሳድዱት የከረሙት ታጣቂዎችም ሰምተው መጡ፤ ሚስቱን ሳያቅፍ ሚክሰሩ አጠገብ በሦስት ጥይት ጣሉት፤ አቶ ጋረደውንም በሰደፍ ቀጥቅጠው፣ ቀኝ እጃቸውን ሚክሰሩ ላይ አስተኝተው ሦስት ጣታቸውን ሰባበሩ። የሁለቱም ደም በማንሸራተቻዎቹ ስንጥቅ ወረደ።

አቶ ጋረደው ሚክሰሩን ፈትተው በአልኮል አጥበው አዳኑት። ሦስተኛውም መስመር ደኅና ነበር፤ እርሳቸው ግን ዝቅ አድርገው በፕላስተር ለጠፉት። ጥፋቱ የገዳዮቹ ነው ብንላቸውም አልሰሙንም። ከዚያ ወዲያ የተፈላጊውን ትተው የፈላጊውን ስም ብቻ ይጠሩ ነበር፤ ተፈላጊውም የዘመዱን ስም ሰምቶ በራሱ ጊዜ ይመጣል፤ በዚህም መንገድ ብዙ ቤተሰብ ማንም ሳያውቅበት ተገናኘ።

በኩላሊት ሕመም ሲማቅቁ ከርመው፣ ባለፈው ሳምንት ያን ቀን በእናቷ ማሕፀን የነበረችውን እናኑ ውባየሁን አስጠርተው፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የቆየውን ፕላስተር እንድትልጠው ለመኗት። ላጠችው። በ2008 ዓ.ም. በሰባ ዓመታቸው ያረፉት አቶ ጋረደው ባለቤታቸውን ወይዘሮ ፋናዬን፣ ሦስት ልጆችና አምስት የልጅ ልጆችን ትተዋል። ይህን የምታነብላችሁ እናኑ ናት፤ ድምፅዋም የሚያልፈው በሦስተኛው መስመር ነው። በእርሱም ስማቸውን ከነአባታቸው፣ ከነአገራቸው እንጥራ፦ ጋረደው ታከለ፣ የመተማው። ጥሪውን የሚሰማ አምላክ ብቻ ይሁን፤ ነፍሳቸውንም ተቀብሎ ያሳርፍልን።