ጋሽ እስቲልየውና የልጃቸው ጀሶ

የዚያን ዕለት ዝናብ ባያባርረኝ ኖሮ ወደ ሰፈራችን አናጢ ቤት ባልገባሁ፣ ደሜም ባልፈላ ነበር። ከክሊኒክ ወጥቼ ወደ ቤቴ ስገሰግስ ዝናቡ ድንገት ወረደና፣ ጃኬቴን በራሴ ላይ ጣል አድርጌ መጀመሪያ ያገኘሁት ጣራ ሥር ተወሸቅኩ። ጣራው የአናጢው የሥራ ቤት ኖሯል።

«ምነው ልጄ፣ በር ላይ ትቆማለህ? ግባ እንጂ! ዶክተር ብርድ ከመታው እኛን ማን ሊያክመን ነው?» አሉኝ ከውስጥ።

ዶክተር አይደለሁም፤ ነርስ ነኝ። ስብራት አቃናለሁ፣ ጀሶ አስራለሁ። ይህን ደጋግሜ ብነግራቸውም ሹመቴን አላነሡልኝም።

እኚህን ሰው ሰፈሩ «ጋሽ እስቲልየው» ይላቸዋል። በራቸውን ቆልፈው መንገድ ከጀመሩ በኋላ «እስቲ ልየው» ብለው ይመለሳሉ። የተጣደ ድስት ካዩ ክዳኑን ያነሣሉ። ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ደግሞ ብሶባቸዋል። ያለቻቸው አንዲት ልጅ ናት፤ እሷም ከትምህርት ቤት ደረጃ ላይ ወድቃ ቅልጥሟ ተሰብሮ ነበር። ያሰርኩላት እኔ ነኝ። ከክሊኒክ ሲወጡም «እኔ ራሴ እስክከፍተው ድረስ ማንም ሰው እንዳይነካው» ብዬ ጣቴን እያወዛወዝኩ አስጠንቅቄያቸዋለሁ።

ገባሁ። ልጅቷ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ፣ እግሯን በታጠፈ ብርድ ልብስ ላይ ዘርግታ መጽሐፍ ታነባለች። ሰላም ልላት ጎንበስ ስል ዓይኔ ጀሶው ላይ ዐረፈ። ከጉልበቷ በታች እስከ ቁርጭምጭሚቷ፣ ግራና ቀኙ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ብሎ ተሰንጥቋል። ከላይ በጨርቅ ቁራጭ ታስሯል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩ።

አናጢው ፈገግ አሉ። «ኧረ ምንም አይደል! በቀጭኗ መጋዝ ነው፤ ቆዳዋን ጫፉን እንኳ አልነካሁባትም። ከፈት አድርጌ አጥንቱ መያዙን አያለሁ፣ መልሼ እገጥመዋለሁ።»

«ከፈት አድርጌ? ደጋግመው ነው ማለት ነው?»

«ልቤ አላርፍ ሲለኝ ነው እንጂ ሁልጊዜ አይደለም።»

«ልብዎ የማያርፈው መቼ መቼ ነው?»

ልጅቷ ከመጽሐፏ ቀና ሳትል «ጠዋትና ማታ» አለች።

«ጋሼ!» አልኩ፤ ድምፄ ከራሴ ቁጥጥር ወጥቷል። «ማጠፊያና ቁልፍ ብቻ ነው የቀረዎት! የሰው እግር እኮ ሳጥን አይደለም!»

ተንበርክኬ ጨርቁን ፈታሁና በጣቶቼ ዳሰስኩ። የፈራሁት ሆኗል። «አጥንቱ ከቦታው ሸርተት ብሏል» አልኳቸው። «አሁን መልሼ ባቃናው ይድናል። ከእንግዲህ አንድ ጊዜ ከከፈቱት ግን ጀሶ አይበቃውም። ወይ በቀዶ ጥገና ይከፈታል፣ ወይ ልጅዎ ዕድሜ ልኳን ታነክሳለች።»

አናጢው አመድ መሰሉ። ከዚያ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ይኸው! እኔስ ምን አልኩ? ይሄንኑ ፈርቼ አይደል ወይ የማየው!»

አንባቢዬ ይፍረድ። በዚህ ነገር የምናደደው በእሳቸው ብቻ አይደለም። በእኛ ዘንድ መጨነቅ እንደ ፍቅር ይቆጠራል። ጎረቤቱ ታሞ እንቅልፍ የወሰደው ሰው «ምን ዓይነት ድንጋይ ልብ ነው» ይባላል። «ስላንተ ስጨነቅ አደርኩ» የሚል ሰው ደግሞ ምስጋና ይጠብቃል፤ እናመሰግነዋለንም! በጭንቀቱ የታመመውን ሰው ሲያስጨንቅ፣ መድኃኒት ሲያስረሳ፣ ልጅ ሲያሳቅቅ እንደ ዋለ ማንም አይጠይቀውም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። እኔ የሰው ፍርሃት የሰው አጥንት ሲያጣምም በእጄ ዳስሼ ስላየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም።

«ለመሆኑ እርስዎ ክርስቲያን አይደሉም?» አልኳቸው።

«ምን ማለትህ ነው አንተ? ጸሎት ሳላደርስ የምውልበት ቀን አለ? ይቺን እግር ጠዋት ጠዋት ተንበርክኬ፣ አልቅሼ ነው ለእግዚአብሔር የምሰጠው!»

«ሰጥተው ከተነሡ በኋላስ?»

«ከዚያማ… አየዋለሁ።»

«ጠዋት ሰጥተው ቁርስ ሳይቀርብ ይቀማሉ! ይሄ መስጠት ነው? የሚያስጨንቃችሁን በእርሱ ላይ ጣሉት ተባልን እንጂ፣ አሳዩትና መልሳችሁ ውሰዱት ተባልን?»

«አንተ ገና አልወለድክም፤ ሲወልዱ ነው የሚታወቀው!» አሉ እሳቸውም እየጋሉ። «ደግሞ እግዚአብሔርም ቢሆን ሰነፍ አይወድም። እጅህን አጣጥፈህ ተቀመጥ አላለኝም።»

«እኔስ መች አጣጥፈው ይቀመጡ አልኩ? ልጅዎን አዝለው ማምጣት የእርስዎ ሥራ ነበር፤ አመጧት። ማሰር የእኔ ሥራ ነበር፤ አሰርኩ። አጥንትን ከአጥንት ማጋጠም ግን የእርስዎም የእኔም ሥራ አይደለም። እኔ አጥንት ጠግኜ አላውቅም ጋሼ! አቃንቼ አስራለሁ፤ የሚጠግነው እግዚአብሔር ነው። እርስዎ በመጋዝ እየገቡ የሚያውኩት የእሱን ሥራ ነው።»

«ቃል ቀላል ነው» አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

ጆሮ ዳባ ልበስ ማለታቸው ነው። ዙሪያዬን ሳይ በሥራ ጠረጴዛቸው ላይ አንድ ወንበር ተገልብጦ፣ እግሩ እንጨት በሚያጣብቀው ብረት፣ በሞርሳው፣ ተጠርቅሞ ተይዟል። ከስንጥቁ ኮላ ወጣ ወጣ ብሏል። ንዴቴ አንድ ነገር ሹክ አለኝ።

«ይሄ ወንበር ይዞ ይሆን? እስቲ ልየው» ብዬ የሞርሳውን እጀታ ጨበጥኩ።

ሰውዬው ዘለው እጄን ቀጨም አደረጉኝ። «እረፍ! ዛሬ የቀባሁት ነው፣ እርጥብ ነው እኮ! አሁን ከፈትከው ማለት ገደልከው ማለት ነው! ኮላ ሰው ሲተወው ነው የሚይዘው! ስንቱን ነግሬያለሁ፤ እየከፈቱ ማየት ማበላሸት ነው፣ ምን ዓይነት ትዕግሥት የሌለው…»

ዓይናቸው ወደ ልጃቸው እግር ሄደ። እጄን ለቀቁኝ። ልጅቷ መጽሐፉን ደረቷ ላይ አድርጋ ሁለታችንንም ታየናለች።

ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ሰጋቱራ ከሞላበት ጆንያ ላይ ቁጭ አሉና ቀስ ብለው ጀመሩ። «ኮላን አውቀዋለሁ። አምነዋለሁ፤ አንድም ቀን ከድቶኝ አያውቅም። እግዚአብሔርን ግን አንዴ አመንኩት።»

«ምን ማለትዎ ነው?»

«እናቷ ሆስፒታል በተኛች ጊዜ ከአልጋዋ ሥር ንቅንቅ አላልኩም። ደረቷ ከፍ ዝቅ ሲል እያየሁ ነበር የምውለው። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ አንድ ቄስ መጥተው፣ አንተም ሰው ነህ፣ ለእግዚአብሔር ስጣትና ጥቂት አረፍ በል አሉኝ። ሰጠኋት። ውጭ አግዳሚው ላይ ጋደም አልኩ፣ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ፊቷ ተሸፍኗል።» ድምፃቸው እየጎላ ሄደ፤ ጠረጴዛውን በቡጢ መቱት። «ንገረኝ እንግዲህ፣ የተማርከው! ስሰጠው ወሰዳት! አሁን ይቺን ምን ብዬ ነው የምሰጠው?»

«የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ለቅሶ ቤት ሁላችንም እንላለን። በሰው ቁስል ላይ እንዲህ ዓይነት ቃል ጥሎ የሚሄድ ሰው ግን እኔን ያናድደኛል።

«ለምን እንደሞተች አላውቅም» አልኳቸው። «አውቃለሁ ብል እዋሽዎታለሁ። አንድ ነገር ግን በሙያዬ አውቃለሁ፤ እንቅልፍዎ አልገደላትም። ዓይንዎን ሳይከድኑ ቢጠብቋትም ያ በሽታ ይወስዳት ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን እርስዎ ካልጠበቁት ዓለም የሚፈርስ ይመስልዎታል። ይህ የእግዚአብሔር ቦታ ነው ጋሼ፤ ይልቀቁለት! ሰው እዚያ ላይ ተቀምጦ እንዴት ጤና ያገኛል?»

«ታዲያ እሱስ ለምን ዝም አለኝ?»

«ጠይቀውት ያውቃሉ? ይህን ለእኔ የጮሁትን ለእሱ ጮኸውለት ያውቃሉ?»

«በእግዚአብሔር ላይ ይጮኻል እንዴ? ነውር አይደለም?»

«ጠዋት ጠዋት ሲያለቅሱ ንዴቱን ደብቀው ነዋ የሚያለቅሱት! እሱ የሆድዎን የማያውቅ ይመስልዎታል?»

ይህን ጊዜ መጽሐፉ ጧ ብሎ ተዘጋ። «እኔን ማንም አልጠየቀኝም!» አለች ልጅቷ። «አባዬ፣ ስትከፍተው ያመኛል። እንዳትደነግጥ ብዬ ነው ዝም የምለው። መጋዟን ከምስማሩ ስታወርድ ገና ዓይኔን እጨፍናለሁ። እግሬን ልታይ አይደለም የምትከፍተው፤ አንተ ስለምትፈራ ነው! እማዬ ስትሞት ተኝተህ ነበር፤ አንተ አላደረግከውም። ይሄን ግን ነቅተህ ነው ያደረግከው!»

አባትየው እንደ ተመታ ሰው ተነሡ። ወደ እሷ የሚሄዱ መስሎኝ ነበር፤ ዞረው መጋዞቹ የተሰቀሉበትን ግድግዳ ፊት ለፊት ቆሙ። መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፉ። ከዚያ መጸለይ ጀመሩ፤ እንዲህ ያለ ጸሎት ቀድሞ ሰምቼ አላውቅም።

«እግዚአብሔር! ተናድጄብሃለሁ! ከቀብሯ ቀን ጀምሮ ተናድጄብህ ነው የኖርኩት። በአፌ ተመስገን እያልኩ ሸነገልኩህ። አንተ ግን ታውቅ ነበር አይደል? ሚስቴን ለምን ወሰድክብኝ? …አትመልስልኝም? እሺ፣ አትመልስ። ይቺን ልጅ ግን እኔ መጠበቅ አልቻልኩም። ደከመኝ። አንተ ያዛት። እኔ ከያዝኳት እሰብራታለሁ።»

ልጃቸው «አባዬ» ብላ እጇን ስትዘረጋ ጎኗ ተቀምጠው ጭንቅላቷን አቀፉ። እኔ ወደ ዝናቡ ዞርኩ።

ጥቂት ቆይተው ቀጭኗን መጋዝ ከምስማሯ አወረዱና በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ።

«ውሰዳት። እዚህ ካለች እጄ አያርፍም።»

«ልጄን ለእግዚአብሔር ሰጠኋት አላሉም?»

«ሰጥቻለሁ። ግን እምነቴ ገና ዛሬ የተቀባ ኮላ ነው፤ ሞርሳ ያስፈልገዋል» አሉኝ፤ ዓይናቸውን እየጠረጉ። እኔም በሆዴ፣ ይህ ሰው ከኔ በተሻለ ገብቶታል አልኩ።

በዚያው ዕለት ልጅቷን አዝለው ክሊኒክ አመጧት፤ አጥንቱን አቃንቼ አዲስ ጀሶ አሰርኩላት። ነገሩ በዚያ አለቀ ብል ግን ውሸት ይሆናል። ጋሽ እስቲልየው ደጋግመው ክሊኒክ እየመጡ በር ላይ ቆመው «ልቤ ሊፈነዳ ነው!» ይሉኝ ነበር። «ለኔ ምን ይነግሩኛል? ለሚመለከተው ይንገሩ!» እላቸዋለሁ። ተቆጥተው ይሄዳሉ፤ መንገዱን ሙሉ ለሚመለከተው እየነገሩ፣ አንዳንዴም እየተጨቃጨቁ። ሰው አብደዋል ብሎ አማቸው። እሳቸው ግን ቤት ሲደርሱ የእንጨት መላጊያቸውን ያነሣሉ እንጂ ጀሶ አይነኩም። ልጃቸውን ደግሞ «እግርሽ እንዴት ነው?» ማለት ትተው «ምን አነበብሽ?» ማለት ለመዱ።

ጀሶው በሚፈታበት ቀን ይግቡና ይዩ ብላቸው እምቢ አሉ። ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ውጭ ቆሙ። እግሩ ቀጥ ብሎ ድኗል። ልጅቷ በከዘራ ተደግፋ፣ ቀስ እያለች ወጥታ ትከሻቸውን ነካቻቸው።

«አባዬ፣ አታየውም?»

ዞሩ። እግሯን ሳይሆን ፊቷን አዩ። «ቆመሽ መጣሽልኝ አይደል? ከዚህ በላይ ምን አያለሁ!» ብለው እዚያው መንገድ ላይ አለቀሱ፤ አላፊ አግዳሚው ቢያያቸውም ግድ አልሰጣቸውም።

እንግዲህ ጥቅሙን ለሚጠይቀኝ ልንገረው። ሰውዬው ዛሬ እንቅልፍ ይተኛሉ። ልባቸው ስላረፈ ሥራቸው ይበልጥ ጠርቷል። ልጃቸው ሲያማት «አመመኝ» ትላለች፤ አባቷ እንዳይደነግጡ ብላ አትደብቅም። እሳቸውም ፍርሃት ጨርሶ ለቀቀኝ አይሉም። ሲመጣባቸው ለማን እንደሚነግሩት ግን ያውቃሉ፤ ነግረውም ሥራቸውን ይሠራሉ። እምነት ማለት ይህ ነው እንጂ በአፍ ተመስገን ብሎ በመጋዝ መክፈት አይደለም!

ሰሞኑን እግሩ የወለቀውን የክሊኒኩን በርጩማ እሳቸው ዘንድ አስጠግኜ ልወስድ ሄድኩ። ልጅቷ ከዘራ ሳትይዝ ከጓዳ ብድግ አድርጋ አምጥታ ፊቴ አስቀመጠችው። እኔም ሳላስበው ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ አነቃንቀው ጀመር።

«ምን እያደረግክ ነው?» አሉኝ አናጢው።

«ጠንክሮ እንደሆነ እስቲ ልየው ብዬ…»

አባትና ልጅ ተያይተው በሳቅ ፈረሱ። «በል እንግዲህ» አሉኝ ጋሽ እስቲልየው፣ በርጩማውን ወደኔ እየገፉ፤ «ስሙን ከፈለግከው ውሰደው፤ እኔ አልፈልገውም። አሁን ግን መነቅነቁን ተውና ተቀመጥበት!»

ተቀመጥኩ።